እማዬ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ባለቤትሽስ ጨው ቀንስ የተባለውን ሰማ ወይስ አንቺ ዞር ስትይ ሾርባው ላይ ይነሰንሳል? እኛ ደህና ነን። ሞሪዮካ ብርዱ ገብቷል። ተራራው ጫፉ ላይ ነጭ ጣል አድርጓል፤ ጎረቤቶቻችንም ራዲሻቸውን በረንዳ ላይ ሰቅለው ማድረቅ ይዘዋል። እኔ ዘንድሮ አልሰቀልኩም፤ ጊዜ አጣሁ። ለምን እንዳጣሁ ነው እንግዲህ የማጫውትሽ።

የላክሽው ሣጥን በሰላም ደርሷል። የአማችሽን ሸክላ ማጫወቻ በመንደሪን ዙሪያውን ደግፎ ማሸግ የማን ሐሳብ ነው? አንድም መንደሪን አልፈረጠም፣ ማጫወቻውም አልተጫረም። እስካሁን ድረስ ክዳኑን ስከፍተው የሂሮሺማ መንደሪን ይሸተኛል። እግዜር ይስጥሽ። ለምን ወዲያው ደውዬ እንዳላመሰገንኩሽ ታውቂዋለሽ፤ በስልክ ስንገናኝ ገና «እትዬ» ከማለቴ «አሳጥሪው» ትይኛለሽ። ወረቀት ግን አሳጥሪው አይልም።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ወይዘሮ ኩማጋይ የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ አንድ ክፍል ተለቋል፤ አባባን እናስገባቸው ወይስ አናስገባቸው፣ ወሩ ሳያልቅ መልስ ስጪኝ ብለሻል። እመልስልሻለሁ። ግን ከስፒከሮቹ ካልጀመርኩ አይገባሽም፤ ስለዚህ ሻይሽን ቅጂና ተቀመጪ።

እማዬ ካረፈች በኋላ አባባ ማምሻውን ኮታቸውን እየለበሱ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ መሄድ እንደጀመሩ ነግሬሻለሁ። «ወዴት ነው አባባ?» ስላቸው «ሆስፒታል ነዋ፤ እናትሽ ዛሬ ትወጣለች፣ በዚህ ብርድ ብቻዋን ትምጣ?» ይላሉ። «እማዬ እኮ አርፋለች» ብዬ የነገርኳቸው ቀን እንደ አዲስ መርዶ ሰሙት። ፊታቸውን ብታዪው ሁለተኛ አትናገሪም ነበር፤ እኔም ሁለተኛ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ አብሬያቸው ፌርማታ እቆማለሁ፣ አውቶቡሱ ይመጣል፣ «ይሄኛው አይደለም» እላቸዋለሁ፣ እንመለሳለን። ሥራ ላይ የሆንኩ ቀን ነው ችግሩ። አንድ ቀን የምሠራበት ሱፐርማርኬት ውስጥ የድንች ጥብስ እያወጣሁ፣ የከተማው የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ ከምሰሶው ላይ «ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ አዛውንት ጠፍተዋልና ያየ ሰው እንዲያሳውቅ» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ድምፁ ከኮረብታው እየተመታ ይመለሳል፣ ቃሉ ቃል ላይ ይወጣል። ሥራ ባልደረባዬ ሚቺዮ «አንቺ፣ ያንቺ አባት እንዳይሆኑ?» አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ምን ዓይነት ቅሌታም ድምፅ ማጉያ ነው» አልኳት። አፌ ነው ያለው፤ እግሬ እየሮጠ ነበር።

ያኔ ነው ሸክላው ትዝ ያለኝ። የገበሬዎች ማኅበሩ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ለአባላቱ ያሳተመው፣ እማዬ የአጨዳ ዜማ የዘፈነችበት። አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር፣ እኔ ገና አልነበርኩም። አውቶቡሱ በሚመጣበት ሰዓት ድምፅዋን ባሰማቸው ከቤት አይወጡም ብዬ አሰብኩ። በአባባ አሮጌ ማጫወቻ ከፈትኩላቸው። እማዬ ባልዲ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ነበር የምትመስለው። አባባ ትንሽ አዳመጡና «ጎበዝ ዘፋኝ ናት። የማን ሚስት ናት?» አሉኝ። «የእርስዎ ናት እንጂ አባባ» ብል ሳቁብኝ። «የኔን ሚስት ድምፅ አጥቼው ነው? ይሄ የሷ አይደለም» ብለው ኮታቸውን አነሱ።

እኔ እንግዲህ ጥፋቱን ከማጫወቻው አየሁት። ድምፁ ቢጠራ ያውቋታል አልኩ። ከጣቢያው ጀርባ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡት አቶ ኦኖዴራ ጋ ሄድኩ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ከመጨረሻው መደርደሪያ ሥር «ቢሠራም ባይሠራም የገዢው ዕጣ ነው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጥግ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የምኖረው እዚያ ጥግ ነው ብትይ ይቀላል። መጀመሪያ መርፌውን ቀየርኩ። እትዬ፣ ያን ቀን እማዬ ከባልዲው ወጣች። ቀጥሎ ስፒከሮቹን። ጠርዛቸው እንደ አሮጌ ስፖንጅ ተፈርፍሮ ስለነበር ማንም አይነካቸውም፤ እኔ የቆዳ ጓንቴን ቀድጄ፣ ጠርዙን ቆርጬ፣ በሙጫ ለጥፌ አዲስ አደረግኋቸው። አቶ ኦኖዴራ አይተው «ጓንቱ የግራ እጅ ነው የቀኝ?» አሉኝ። «ሁለቱም፣ ለሁለት ስፒከር» አልኳቸው። «እንግዲህ ክረምቱን እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ታሳልፊያለሽ» አሉ። ደግሞም ከእያንዳንዱ ስፒከር ሥር ሦስት የአሥር የን ሳንቲም አድርጊ፣ የሣር ምንጣፉ ድምፁን ይውጥብሻል አሉኝ። አደረግሁ። ሳትሰሚው አታምኚም፣ ልዩነት አለው።

ከሚቺዮና ከሌሎቹ ጋር ወደ ፍል ውኃው የምንሄድበትን ገንዘብ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ገዛሁበት። ሚቺዮ «ሌላው ሴት በዚህ ዕድሜ ለወገቧ ፍል ውኃ ትገባለች፣ አንቺ ይሄን ብረት ተሸክመሽ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ» ብላ ስትስቅብኝ ዋለች። ትሳቅ። አምፕሊፋየሩ የገባ ዕለት እማዬ ከመዝፈኗ በፊት አየር ስትስብ ሰማኋት። ተረዳሽኝ? ትንፋሿን። እኔ ከመወለዴ በፊት የተነፈሰችውን። ሽቦውን ደግሞ ስቀይር ከኋላዋ ክራር መቺው ጣቱን ሲያነሳ ሁሉ ይሰማል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሕይወቴ እንደዚህ የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ማብሪያውን የምጫነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ስፒከሮቹን በልክ አራርቀሽ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ውስጥ ስታዞሪ፣ ድምፁ ከግራም ከቀኝም አይመጣም። መሀል ላይ ይቆማል። ምንም በሌለበት ቦታ፣ የእማዬ የስፌት መኪና የነበረበት አካባቢ፣ ሰው ቆሞ ይዘፍናል።

አባባስ? እያንዳንዱን ነገር በቀየርኩ ቁጥር ተቀምጠው በትህትና ያዳምጣሉ። «እየተሻሻለ ነው» ይላሉ። «ቆንጆ ድምፅ ነው። ግን አንድ ነገር ይቀራል።» ምን እንደሚቀር ስጠይቃቸው «እሷ» ይላሉና ይነሳሉ። አንድ ቀን ስፒከሩ ተንጋዶ አገኘሁት፤ ሳንቲሞቹን ከሥሩ አውጥተው ለአውቶቡስ ይዘዋቸው ሄደዋል። ለአቶ ኦኖዴራ «አንድ ነገር ይቀራል ይሉኛል» ብላቸው «እዚህ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው፣ እኔ የምኖረው በዚያች በምትቀረው ነገር ነው» አሉኝ። ስለዚህ የቀረኝ ሸክላ ማጫወቻው ራሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ላንቺም ያወራሁልሽ ያኔ ነው፣ አንቺም የአማችሽን ላክሽልኝ።

እንግዲህ የእኔን ሞኝነት ስሚ። ሣጥኑ በመጣ ዕለት መንደሪኖቹን እንኳ ሳላነሳ ገጣጠምኩት። አባባ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ነበሩ። መርፌውን አስቀመጥኩ። የወጣው ድምፅ የእማዬ አልነበረም ልልሽ ነበር፤ ውሸት ነው። ያንቺ ማጫወቻ ሸክላውን በዝግታ ነው ያዞረው። ያ እንደ ደወል የነበረው ድምፅ ወፍሮ፣ ወርዶ፣ እያንዳንዱ ቃል ከጉድጓድ እንደሚሳብ ውኃ በስንት ድካም ነው የሚወጣው። አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ አልሰማሽም፣ እማዬን ስትሮክ ከመታት በኋላ በስልክም ማናገር ትታ ነበር። እኔና አባባ ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋዋ ሆና «ውኃ» ስትለን፣ «መስኮቱን ዝጉት» ስትለን በዚሁ ድምፅ ነበር።

ተበላሸ ብዬ ላቆመው እጄን ስዘረጋ አባባ ከበሩ «ተዪ» አሉኝ። ቆምኩ። ኮታቸውን አወለቁ። ከግድግዳው ሥር የመቀመጫ ትራስ አንስተው በሁለቱ ስፒከሮች መሀል አስቀመጡ፣ በእጃቸው መታ መታ አድርገው አስተካከሉት። «መጣሽ? በእግርሽ ነው እንዴ የመጣሽው? ድምፅሽ ደክሟል። በይ ተቀመጪ፣ መዝፈኑ ይደርሳል» አሏት። እኔ ከማጫወቻው አጠገብ ተንበርክኬ ቀረሁ። ሸክላው አለቀ፣ መርፌው መሀሉን ይፍቃል፣ እሳቸው ትራሱን እያዩ ፈገግ ብለዋል። በዚያን ምሽት ፌርማታ አልሄዱም። በማግሥቱም። እስከ ዛሬም አልሄዱም፤ ሥራ ላይ ስሆን እንኳ ትራሱ አጠገብ ሆነው ሸክላውን እስክከፍት ይጠብቃሉ።

ማጫወቻው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማወቅ አቶ ኦኖዴራ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ከሂሮሺማ ነው የመጣው አላልሽኝም? ትምህርት ቤት ስትሄጂ ተኝተሽ ነበር?» አሉኝ። ለካ ተምረነው ነበር እትዬ፤ እናንተ ጋ መብራቱ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ይመታል፣ እኛ ጋ ሃምሳ። የአሮጌ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ የሚዞረው በመብራቱ ምት ነው፤ እናንተ ጋ በምዕራቡ የተገዛ ወደ እኛ ሲመጣ እንደ ደከመው ሰው ያዘግማል። ላኪዋም ተቀባይዋም እኩል ነን፣ አንዳችን በአንዳችን አናላግጥ። አቶ ኦኖዴራ መሳቢያቸውን በርብረው ለእኛ መብራት የሚሆነውን፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚሰካ ትንሽ የነሐስ መዘውር አወጡልኝ። ይሄን ቀይሪው፣ ዕቃው ድንቅ ዕቃ ነው፣ እናትሽን እስከ ዛሬ አልሰማሻትም አሉኝ።

ለምን ቀየርሽው ትይኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ጉጉቱ ገደለኝ። ደግሞም ከልቤ አስቤ ነው፤ በተሳሳተው ይህን ያህል ከተደሰቱ በትክክለኛውማ፣ አልኩ። ቀየርኩት። አይ እትዬ። ከጓንቱ ጀምሮ የለፋሁበት ሁሉ ያን ቀን ነው የገባኝ። እማዬ ወጣት ሆና፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ቆማ፣ ከኋላ ሰው ሲያስል ሁሉ ይሰማል። እንባዬ ወረደ፣ የደስታ ነው። ዞር ስል አባባ ቆመዋል። ትራሱን አዩ፣ በሩን አዩ። «አሁን እዚህ ነበረች። ማናት ይቺ ልጅ? እሷ የት ሄደች?» አሉ። ከዚያ በጉልበታቸው ወርደው፣ ስፒከሩን በአንድ እጃቸው ደግፈው ሳንቲሞቹን ከሥሩ ያወጡ ጀመር።

በዚያው መሸት ሲል መዘውሩን መልሼ ነቀልኩት። ከማጫወቻሽ ጋር የመጣውን ሰካሁ። እማዬም ደክሟት ተመለሰች፤ አባባ ትራሱን መታ መታ አደረጉላት።

መዘውሩን ስመልስላቸው አቶ ኦኖዴራ ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። «አይገጥምም?» አሉ። «ይገጥማል» አልኩ። «ታዲያ ድምፁ አልተስተካከለም?» «ከተስተካከለ በላይ ነው» አልኩና ነገሩን ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሳሳተ ፍጥነት ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መዘውሩን መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። «ይሄን እኔ ሱቅ ውስጥ አልሰማሁትም። ደንበኛ ያሳጣኛል» አሉኝ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ሸክላውን የሚያዞረው ላስቲክ እንዳያረጅብሽ ብለው መለዋወጫ ሰጡኝ፣ ዋጋውንም አልጠሩልኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወይዘሮ ኩማጋይ ባልሻቸው ጊዜ መጥተዋል። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፉ አልናገራቸውም። አባባ በሥርዓት ተቀበሏቸው፤ ትራሱ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ግን «እዚያ ሰው አለ» ብለው ሌላ ሰጧቸው። ሸክላውን አስከፈቱኝ፣ ወይዘሮዋም ሰሙ። ውጪ ስሸኛቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ክፍሎቹ የተያያዙ ናቸው፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ስፒከር ማስገባት አልችልም፣ የጆሮ ማዳመጫ ግን ይቻላል» አሉኝ። እኔም እውነትዎን ነው፣ ይሞከር ብዬ ያን ለት ማታ የጎረቤቱን ማዳመጫ ተውሼ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ትንሽ ቆይተው በሁለት እጃቸው አወለቁትና ውስጡን እያዩ «ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ምን ትሠራለች? ቦታዋ እዚያ ነው» ብለው ትራሱን አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው። ማዳመጫ ድምፁን ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ክፍል ውስጥ ሰው የሚያቆም ሁለት ስፒከር ነው። ይሄን እኔ ላስረዳሽ እችላለሁ፣ የማረፊያውን ደንብ ግን እኔ አልቀይረውም። ግድግዳውንም አላወፍረውም። ወይዘሮ ኩማጋይም አይችሉም፣ አንቺም ጥፋት የለብሽም።

ሦስት አራት ጊዜ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። አስገባቸዋለሁ እንዳልል ትራሱን አያለሁ። አላስገባቸውም እንዳልል ያ ምሰሶ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ ትዝ ይለኛል፤ ይህች ማጫወቻ አንድ ቀን ብትቆምስ? ከሥራ ስገባ መብራት ጠፍቶ ባገኘውስ? ለዚህ የሚሆን ዕቃ ያ ጥግ ውስጥ የለም፣ ፈልጌያለሁ።

ትናንት ግን እንዲህ ሆነ። ዕረፍቴ ነበር። ሸክላው አልቆ መርፌውን አነሳሁ፣ ያንቺን መንደሪን ልጬላቸው እየበላን ነው። አባባ ማጫወቻውን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞረው አጎነበሱ፤ ለእንግዳ እንደሚጎነበሰው፣ ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪጠጋ። «ሁልጊዜ እየመጡ ስለሚደክሙልን አመሰግናለሁ። ይህን ዕቃ ያውቁበታል፤ ከቤትዎ ሥራ እያስፈታንዎት እንዳይሆን» አሉኝ። ኧረ ምንም አይደል አልኩ። «ትንሿ ልጄ ብታየው ትወደው ነበር። እንዲህ ያለ መነካካት ነፍሷ ነው። አፏ ግን አያርፍም፤ ኩፍኝ ይዟት እንኳ ታወራለች፣ እናቷ ምግቡ አፍሽ ውስጥ ሳለ ዝም በይ ትላታለች፣ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል» አሉኝ።

የት ሄደች ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሥራ ላይ ናት። ትመጣለች» አሉ። «ስትመጣ እባክዎ እርስዎ ከፈት ያድርጉላት፣ እኔ መርፌውን እሰብረዋለሁ።» እሺ፣ እከፍትላታለሁ አልኩ። እኔ ስንት ዓመት እንደዚያ ዓይነት አጭር መልስ ሰጥቼ እንደማላውቅ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ከዚያ ስለ ማረፊያው ልሞክራቸው ብዬ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ያለበት፣ ምግቡም ጥሩ የሆነ ቦታ አለ ይላሉ፣ ቢሄዱስ አልኳቸው። ደነገጡ። እጃቸውን ትራሱ ላይ አደረጉ። «እኛ ከዚህ አንሄድም። ልጅቷ ከሥራ ስትገባ ሰው ካጣችማ ምን ትሆናለች?» አሉ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት፣ አንቺን ሳላማክር፣ ለወይዘሮ ኩማጋይ ክፍሉን ለሚቀጥለው ተራ ጠባቂ ይስጡት አልኳቸው። ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው፣ ታላቄ ነሽ። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። ለአዲስ ዓመት ስትመጪ ራስሽ ስሚውና ፍረጂ። በር ላይ ግን ሮጠሽ አትቀፊያቸው፤ እንደ እንግዳ ጎንበስ በይ፣ ስምሽንም በዝግታ ንገሪያቸው። እስከዚያው ማምሻ ማምሻውን እኔ፣ አባባና እማዬ ተቀምጠን፣ ልጅቷ ከሥራ እስክትገባ እንጠብቃታለን።

ጉልበትሽን ብርድ አያግኘው። ባለቤትሽን ዕድሜ ከጤና ያድለው፣ ጨውን ያስጠላው። ልጆችሽ በደጅሽ ይሙሉልሽ። እናትና አባታችን የወደዱን ያህል እኛም ለመዋደድ ያብቃን።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ